የጀጎልን ሳምቡሳ ካርታ ላይ ላድርገው?

ጀጎል ውስጥ ጂፒኤስ ይዋሻል።

ክፋት ኖሮበት አይደለም። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይቶች የተላከው ምልክት እሱ ጋ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ነው። ሜዳ ላይ ይሄ በደንብ ይሠራል። በሐረር ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ግን ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ስልኩ ርቀቱ የረዘመ ይመስለዋል። እናም እኔ አንድ ቦታ ቆሜ ሰማያዊዋ ነጥብ የሰው ግቢ ትገባለች፣ አጥር ዘላ መስጊድ ደርሳ ትመለሳለች። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ይሄ ነበር። ቀጥሎ ያየሁት ሳህን የያዘች ልጅ ነው።

ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። በክዳን የተሸፈነ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይደፋባት እየተጠነቀቀች፣ ግን ደግሞ እንዳይበርድባት እየፈጠነች በአጠገቤ አለፈች። ትኩስ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ሸተተኝ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። የመጣችበትን መንገድ ተከትዬ ሁለቴ ታጠፍኩና ደረስኩ።

የደረስኩበት ቦታ ምንም አይደለም። አንድ የግቢ በር፣ በሩ ሥር የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የጠቆረ መጥበሻ፣ ከኋላው ዱካ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት። ዙሪያውን አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። አንዳንዱ ሳህን ይዞ መጥቷል። ምልክት የለም፣ ስም የለም፣ የዋጋ ዝርዝር የለም።

ሐረር የሄድኩት ለዚህ ነበር። ቱሪስት የሚወሰድበት ሳይሆን የአገሩ ሰው የሚበላበትን፣ «ባህላዊ» የሚል ማስታወቂያ ያልተሰቀለበትን ቦታ ፍለጋ። (አንድ ሕግ አለኝ፤ በሩ ላይ «ባህላዊ» ተብሎ ከተጻፈ አልገባም። ባህል የሆነ ነገር ባህል ነኝ ብሎ አይጽፍም።) ፈረስ መጋላ ላይ ፈጢራ በእንቁላልና በማር በልቻለሁ፤ ጥሩ ነበር፤ ግን ያንን ማንም ያገኘዋል። ከዚያ በመኪና ግርግር በኩል ወረድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ አሁንም ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ያንገረግሩታል። እዚያ ስደርስ ሆን ብዬ ጠፋሁ። እውነተኛው ነገር ከጀርባ ነው ብዬ።

ሳምቡሳውን ልንገራችሁ፤ አዲስ አበባ በየካፌው መስኮት ውስጥ ተደርድሮ የሚውለውን አይደለም። ሊጡ በጣም ስስ ሆኖ መጀመሪያ ደረቅ ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ይሞቃል፤ እንዲበስል ሳይሆን እንዲላቀቅ። ከዚያ ንብርብሩ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል። በቁመቱ ይቆረጥና በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ ኪስ ይሠራል፤ ምስር፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሞላል፤ ጫፉ በውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ይታሸጋል። እሳቸው ይሄን ሁሉ ሲሠሩ እጃቸውን አያዩም። ከጎረቤት ጋር ያወራሉ፣ ልጅ ይቆጣሉ፣ ሒሳብ ይቀበላሉ፤ እጅ ለብቻው ያጥፋል። ምስሩ አልፈረሰም። ስትነክሰው ጥርስህ ሥር ፍሬ ፍሬው ይታወቃል። ስድስት በላሁ።

«ስንት ልክፈልዎት?» አልኩ።

«እርስዎ የምትለው ማንን ነው?» ብለው ሳቁ። «አንቺ በለኝ አቦ! እዚህ አገር እርስዎ የለም።»

ሐረርና ድሬ ትልቁም ትንሹም አንተ እንደሚባባል አውቃለሁ፤ አንደበቴ ግን እሺ አላለኝም። እዚህ ጽሑፍ ላይም እንቢ ስላለኝ «አሉ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የጠየቁኝ ሒሳብ ከአጠገቤ የቆመው ልጅ የከፈለው ነው። ሳንቲም አልጨመሩብኝም።

አውራ ጣቴ ካርታው ላይ ነበረች። ማፑ «የጎደለ ቦታ ጨምር» ይላል፤ ስም ትጽፋለህ፣ ፎቶ ታስገባለህ፣ አለቀ። ሰማያዊዋ ነጥብ እንኳ በዚያች ቅጽበት ልክ ያለሁበት ቦታ ላይ ረግታ ቆማ ነበር።

ያላደረግኩት አንድ ቁርስ ቤት ትዝ ብሎኝ ነው።

አዲስ አበባ፣ ድሮ እሠራበት ከነበረው ቢሮ ጀርባ፣ በቆርቆሮና በላስቲክ የተሠራች ቁርስ ቤት ነበረች። ፉል፣ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ። ደንበኞቿ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የታክሲ ረዳቶችና አጠገቡ በሚሠራው ፎቅ ላይ ስሚንቶ የሚሸከሙ ልጆች ናቸው። እኛ የቢሮዎቹ ጥቂት ነበርን። አንድ ጠዋት የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ቀረጽኩና «ያልተበረዘ ቁርስ» ብዬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። ሌሎች ቪዲዮዎቼን ሠላሳ ሰው ነው የሚያያቸው። ይሄኛው ሁለት መቶ ሺህ ገባ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነበር። ሴትየዋ ሻይ በነፃ ጋበዘችኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰልፍ ተጀመረ፤ መኪና ያቆሙ ሰዎች፣ ስልካቸውን እንጀራው ላይ ያቀኑ ሰዎች። ፉሉ ዋጋው ጨመረ። ስሚንቶ ተሸካሚዎቹ ቁርስ የሚበሉበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰልፍ አይችሉም፤ ቀሩ። ቀጥሎ ቪዲዮውን የቦታው ባለቤት አየው፤ ኪራዩን እጥፍ አደረገው። ቀጥሎ ሰልፈኛው ሌላ «ያልተበረዘ» ነገር አገኘና ሄደ። በአምስት ወር ውስጥ ቤቷ ተዘጋች። አሁን ቦታው ላይ የስልክ ከቨር ይሸጣል። ሴትየዋን የት ሄደች ብዬ ልጠይቅ ብል ስሟን አላውቀውም፤ «ማዘር» ነበር የምላት።

የኔ ቪዲዮ ባይኖርም ትዘጋ ይሆናል። ኪራይ በየቦታው ይጨምራል፣ ፎቁም ሲያልቅ ሠራተኞቹ መሄዳቸው አይቀርም ነበር። ግን እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነው?» ነው። መጨረሻ ላይ የነካሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ያን ማታ ስልኬን ኪሴ መልሼ ሆቴል ገባሁና ያነሳሁትን ፎቶ ማየት ጀመርኩ። ፎቶው ያምራል። ምድጃው፣ የድንጋዩ ግድግዳ፣ እጃቸው። የሆነ ነገር እንደጎደለው ግን አወቅኩ። ምድጃው አጠገብ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋም ነበር፤ እሳቸው ጭን ላይ ደግሞ ድምፁ ከፍ ብሎ ቪዲዮ የሚጫወት ስልክ። አንዱም ፎቶው ውስጥ የለም። ሳላስበው ሁሉንም ከፍሬሙ አውጥቻቸዋለሁ።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እውነተኛ ነገር ፈልጌ ነው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣሁት፤ ካገኘሁት በኋላ ግን እውነት የሆነውን ነገር ቆርጬ ጥያለሁ። የፈለግኩት እሳቸውን አይደለም ማለት ነው። የፈለግኩት ጀሪካን የሌለበት፣ ስልክ የሌለበት፣ እኔ መጥቼ እስካየው ድረስ ሳይነቃነቅ የሚጠብቀኝ ድሮ ነው። ቆይ ግን፣ እኔ ሦስት ዓይነት ስክሪን ላይ ተጥጄ እየዋልኩ እሳቸው በእኔ ፋንታ ድሮ ውስጥ እንዲኖሩ የምጠብቀው በምን ሒሳብ ነው?

ደግሞ ድሮ የሚባለውም ነገር ቢሆን ሲፈለቅቁት ሌላ ነው። ሳምቡሳ ስሙ ከፋርስ የተነሳ ነው፤ ህንድ ሲደርስ ሳሞሳ ሆነ፣ ዓረቡ ሳምቡሳክ አለው፣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ጋ መጣ። ውስጡ ያለው ቃሪያ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ከ1492 በፊት እንኳን ሐረር አውሮፓም አያውቀውም። «በርበሬ የሌለበት የኢትዮጵያ ምግብ» ብትሉኝ ምን እንደምል አላውቅም፤ ግን በርበሬያችን ራሱ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት የሆነ ነው። በምንጭ ከሄድን እውነተኛ የሚባል ምግብ መጥበሻው ላይ አይተርፍም።

ከተማዋም እንደዚያው ናት። ሐረር ለዘመናት የዓለምን ሸቀጥ ስታስገባና ስታስወጣ የኖረች የነጋዴ ከተማ ናት፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ግንብ ያጠሩላት ከዓለም ለመጥፋት አይደለም፤ ከጥቃት ለመከላከል ነው። አምስቱ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ ገባ፤ አሥር ቀን ቆየ፤ በዓመቱ መጽሐፍ አሳተመ። በእኛ ቋንቋ፣ ፒን አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል፤ ይሄም ሌላ ፒን ነው፤ ትልቅ ፒን። ማለቴ፣ ጥያቄው አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ፒኑን ለመትከል ድሮ መጽሐፍ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አውራ ጣት ይበቃል።

ታዲያ ያ ሳምቡሳ ለምን «እውነተኛ» መሰለኝ? በምንጩ ካልሆነ፣ በድሮነቱ ካልሆነ፣ በምን? በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና ከመግሪብ እስከ ኢሻ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። እየበላሁ በእርግጥ።

ያየሁት ይሄን ነው። ሳህን ይዘው የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ገንዘብ አይዙም። «እማዬ አራት ስጪኝ ብላለች» ይላሉ፤ እሳቸው ይሰጣሉ፤ ሒሳቡ በዱቤ ነው፤ ደብተሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው የበላውን ሳይውጥ «ዛሬ ዘይቱ ደክሟል» አላቸው ፊት ለፊት። እሳቸው ተቆጡ፤ ዘይቱ ግን ወዲያው ተቀየረ። አንዲት ሴት ያረገዘች ልጅ አለቻት፤ ለእሷ ቃሪያ የሌለበት ለብቻ ይጠቀለላል፤ ማንም አላዘዘም፤ ያውቃሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አንዲት ሳምቡሳ ይዘው ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆማሉ። የመጡት ለመብላት አይመስለኝም።

እኛ መተግበሪያ ስንሠራ እምነት የሚፈጠረው በኮከብ ነው እንላለን። የማላውቀው ሰው ለማላውቀው ሰው የማላውቀውን ነገር መዝኖ አምስት ወይም ሁለት ይሰጣል። እዚህ መተላለፊያ ውስጥ ግን ኮከብ የሚሰጠው ሰው ነገም ይመጣል። ዘይቱ ከደከመ የሚያመው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የልጁ እናት ነገ በር ላይ ናት፤ መሸሽ የለም። እሳቸውም የሰውየውን ዱቤ ያውቃሉ፤ በባዶ ሜዳ ቢያማቸው መልስ አላቸው። እኔ ግን በልቼ እሄዳለሁ። ብዋሽ የሚይዘኝ የለም፤ ብበላሽ የሚጠይቅልኝ የለም። ከምላስ ላይ የቀረው ያ ጣዕም የምስሩ ብቻ አይደለም፤ የመጠያየቁም ነው። እኔ የዚያ ምግብ ደንበኛ አይደለሁም፤ እንግዳው ነኝ። እንግዳ ደግሞ ብቻውን ከመጣ ይስተናገዳል። ሁለት መቶ ሆኖ ከመጣ ሌላ ስም አለው።

እዚህ ላይ መልሱ የተገኘ መሰለኝ። ፒን የለም፣ ፎቶ የለም፣ ዝም። እንደውም በራሴ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሆቴል ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩና ነገሩን ነገርኳት።

እናቴ ፓስቲ ትሸጥ ነበር። ትምህርት ቤታችን አጥር ሥር፣ ሦስት ዓመት ያህል፣ አባቴ ከሥራ በወጣበት ጊዜ። ዩኒፎርሜ ዘይት ይሸት ነበር፤ ልጆቹ ያውቃሉ፤ እኔ ደግሞ ዕረፍት ሰዓት ላይ በሌላኛው በር ነበር የምወጣው። እሷ አይታለች፤ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ያኔ ማንም የእናቴን ፓስቲ «ያልተበረዘ» ብሎ አልጠራውም። ስሙ ችግር ነበር።

ጨርሼ ሳወራ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እና አንተ ማን ሆነህ ነው ድህነቷን የምትጠብቅላት?» አለችኝ።

«እንደዛ አይደለም እማ፣ ያቺ የቁርስ ቤቷ ሴትዮ…»

«ገባኝ። ያቺንም አልጠየቅሃትም፤ ይቺንም አልጠየቅሃትም። አንደኛዋን ሳትጠይቅ አወጣሃት፤ ሁለተኛዋን ሳትጠይቅ ልትደብቃት ነው። እኔ ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ሰሌዳ ልጻፍልሽ ቢለኝ ኖሮ…» አለችና ተወችው። ከዚያ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለ ሰሌዳው ሳስብ ቆየሁ። እንዴት እንደሚጻፍ የምታውቅ ነበር የሚመስለው፤ ቀለሙን ሁሉ።

ሦስተኛው ማታ ጠየቅኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን አሳየሁ፤ ይሄ ፈረስ መጋላ ነው፣ ይሄ ጊዲር መጋላ ነው፣ እርስዎ እዚህ ነዎት አልኩ። «እዚህ ላይ ባስቀምጥዎት ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣ ሰው ያገኝዎታል።»

«ካገኘኝ በኋላስ?»

«ይገዛዎታላ።»

እጃቸውን ከሊጡ አንስተው አሳዩኝ። «እጄ ሁለት ነው። ኢሻ ሳይደርስ የሠራሁት ያልቃል። አሁን ያንተ ሰው ቢመጣ፣ ማንን ነው አልቋል የምለው? እንግዳን አልቋል ማለት ነውር ነው። የጎረቤትን ልጅ ባዶ ሳህን ይዘሽ ሂጂ ማለት ደግሞ ጠብ ነው። ለምን ታጣላኛለህ?»

«ሰው መቅጠርስ? ማስፋትስ?» አልኩ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ስላለ ነው።

«ረመዳን ሲመጣ እህቴ ታግዘኛለች። ከዚያ በላይ አልፈልግም። ጉልበቴም እንቢ ይለኛል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ግን ይሄ ነገር ይሠራል? እውነት ሰው ያመጣል?»

«ያመጣል።»

«እንግዲያ ልጄን አስገባልኝ! ከግንቡ ውጭ በርገር ቤት ከፍቷል። በርገርና ቺፕስ። ሰው አልለመደለትም።»

የቆሙት ሽማግሌ ሳቁ። «ካስገባሃቸው አይቀር የኔንም ዱቤ እዚያው ጻፍልኝ» አሉኝ።

በርገር! ጀጎልን ለሦስት ቀን እግሬ እስኪቀጥን የዞርኩት፣ «ባህላዊ» የሚል ሰሌዳ የማልደፍረው ሰውዬ፣ የተሰጠኝ ሥራ በርገር ነው። በነጋታው ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ከኢንተርኔት የተወሰደ የበርገር ፎቶ አለ፤ ሁለት ዓይነት ቺዝ ያለው፤ ቤቱ ውስጥ አንዱም ቺዝ የለም። ልጁ በእኔ ዕድሜ ነው፤ ፈጣን፣ የሚጨነቅ፣ ጠረጴዛ በየደቂቃው የሚወለውል። በርገሩ ምንም አይልም። ዳቦው ትንሽ ደርቋል። ቺፕሱ ግን ጥሩ ነው፤ ዘይቱ ትኩስ ነው፣ ማን እንዳስተማረው ግልጽ ነው።

ስሙን ራሱ እንደሚፈልገው አድርጌ ጻፍኩ። የሚከፈትበትን ሰዓት አስገባሁ። ፎቶ ሳነሳ ሁሉንም ነገር ፍሬሙ ውስጥ ተውኩት፤ ጀነሬተሩን፣ የለስላሳ ሣጥኑን፣ እሱን ከነሽርጡ። ቦታውን ካርታው ላይ ስተክል ነጥቧ አንዴም አልተንቀሳቀሰችም። ከግንቡ ውጭ ሰማዩ ሰፊ ነው።

«አሁን ኮከብ ስጠኝ» አለኝ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ እያየ።

አውራ ጣቴ አራተኛው ላይ ቆመች።

«አምስት አድርጋት እንጂ አቦ!»

ዳቦውን ነገርኩት። ፊት ለፊት። ትንሽ ከፋው፤ ከዚያ ዳቦውን ከየት እንደሚያመጣና ለምን ጠዋት ማምጣት እንደማይችል አንድ ሰዓት ያህል አወራን። አራት ሰጥቼ ወጣሁ።

የመጨረሻዬ ማታ ነበርና ለመሰናበት ወደ መተላለፊያዋ ተመለስኩ። ካርታ አላየሁም፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ። ሳህን የያዙት ልጆች ቆመዋል፣ ሽማግሌው ቆመዋል። ተራዬ ሲደርስ አምስት ስጡኝ አልኩ።

ቀና ሳይሉ «አራት ነው አሉ ያልከው» አሉኝ።

ምን ልበል? ዳቦው፣ አልኩ። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞረው ሳቃቸውን ዋጡ። እሳቸው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሞቃት ነው፤ ከፍቼ ቆጠርኩ፤ አራት ነው።

«አምስት ብዬ ነበር።»

«ሰማሁ» አሉኝ፣ እጃቸው ቀጣዩን እያጠፈ።